ሕጉ ታውቆ ፍጻሜው ስለሚሰወርበት ነገር፤ ስለ ትርምስ ንድፈ ሐሳብ ለመምህራን የተደረገ ንግግር



በየትምህርት ቤቱ የሒሳብ ክፍል አንድ የቆየ ልማድ አለ። ተማሪው አንዱን ቍጥር ለሌላው ሲያካፍል ውጤቱ አላልቅ ብሎ ከነጥብ በኋላ ያሉት አኃዞች ሲበዙበት፥ መምህሩ «ሦስት አኃዝ ይበቃል፤ የቀረውን ተወው» ይለዋል። ተማሪውም የቀረውን ቈርጦ ይጥላል፤ የጣለውንም ነገር ዳግመኛ አያስበውም። ይህ ልማድ በብዙ ነገር መልካም ነው። አናጢው ጠረጴዛ ሲሠራ፥ ነጋዴው ሒሳቡን ሲዘጋ፥ ግንበኛው መሠረት ሲለካ ከሺህ አንድ እጅ ቢጐድል ጠረጴዛው አይዘምም፥ ሱቁ አይከስርም፥ ቤቱም አይፈርስም። ነገር ግን ያ ተቈርጦ የተጣለ ቅንጣት ጊዜ ካገኘ የጠቅላላውን ውጤት ሊገለብጥ የሚችልበት ሌላ ዐይነት ነገር በተፈጥሮ ውስጥ መኖሩ በሃያኛው መቶ ዓመት በግልጽ ታወቀ። ይህን የሚመረምረው የሒሳብና የፊዚክስ ክፍል በአውሮፓ ቋንቋዎች «ኬዎስ» ከሚለው ከጥንታዊ ግሪክ ከመጣው ቃል ስሙን ወስዶአል፤ በአማርኛም የትርምስ ንድፈ ሐሳብ ሊባል ይችላል። የዚህ ንግግር ዓላማ ይህ ዕውቀት ከየት ተነሥቶ እንዴት እንዳደገ፥ ምን እንደሚልና ምን እንደማይል፥ በመጨረሻም በጥቍር ሰሌዳ ፊት ለሚቆም ሰው ምን ዐይነት ኀላፊነት እንደሚያመጣበት ማስረዳት ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት መጀመሪያ ሰዎች በሳይንስ ላይ የነበራቸውን ታላቅ እምነት ማስታወስ ያስፈልጋል። እንግሊዛዊው አይዛክ ኒውተን በ1687 ባሳተመው መጽሐፍ በምድር ላይ የሚወድቀውን ነገርና በሰማይ የምትዞረውን ጨረቃ የሚገዛቸው ሕግ አንድ መሆኑን አሳየ። ከእርሱ በኋላ የተነሡት ሊቃውንት በዚህ ሕግ እየተመሩ ገና ያልሆነውን ነገር አስቀድመው ይናገሩ ጀመር። ኤድመንድ ሃሌይ በ1682 የታየው ጅራታም ኮከብ በ1531ና በ1607 ከታዩት ጋር አንድ መሆኑን ተረድቶ ተመልሶ እንደሚመጣ ተናገረ። ፈረንሳውያኑ አሌክሲ ክሌሮ፥ ዤሮም ላላንድና ኒኮል-ሬን ለፖት የተባለችው ሴት ሊቅ የጁፒተርንና የሳተርንን ስበት ጨምረው ካሰሉ በኋላ፥ ኮከቡ ለፀሐይ እጅግ የሚቀርብበት ጊዜ በ1759 በኤፕሪል አጋማሽ ገደማ እንደሚሆን አስታወቁ፤ ኮከቡም በማርች 13 ቀን ደረሰ። ለሰባ ስድስት ዓመት ያህል ከዐይን ተሰውሮ የኖረውን መንገደኛ በአንድ ወር ስሕተት ብቻ መጠበቅ መቻል በጊዜው እንደ ተአምር የሚቈጠር ነበረ። በ1846 ደግሞ ኡርቤን ለቬሪዬ ዩራኑስ ከታሰበላት ምሕዋር ጥቂት ማፈንገጧን አይቶ፥ የምትስባት ሌላ ፕላኔት ልትኖር ይገባል ሲል ስፍራዋን በወረቀትና በብዕር ብቻ አስልቶ አገኘ። በርሊን ከተማ የነበረው ዮሐን ጋለ በሴፕቴምበር 23 ቀን ሌሊት መነጽሩን ወደዚያ ቢያቀና ኔፕቱንን ከተባለው ስፍራ አንድ ዲግሪ በማይሞላ ርቀት አገኛት።

ይህ ሁሉ ድል ከታየ በኋላ ተስፋው ወሰን አጣ። ፒዬር ሲሞን ላፕላስ በ1814 ባሳተመው ጽሑፍ፥ በአንዲት ቅጽበት በዓለም ያሉትን ኀይሎችና የእያንዳንዱን ነገር ስፍራ ሁሉ የሚያውቅ፥ ያንንም ሁሉ ለማስላት የሚችል አእምሮ ቢኖር ያለፈውም የሚመጣውም እኩል ይገለጡለት ነበር አለ። ላፕላስ የሰው ልጅ ከዚህ አእምሮ ዘወትር እጅግ ርቆ እንደሚኖር ጨምሮ ጽፎ ነበረ፤ ዳሩ ግን ከእርሱ በኋላ የመጡት ብዙዎች ተስፋውን ይዘው ማስጠንቀቂያውን ረሱት።

በዚህ ተስፋ ውስጥ ያልተመረመረ አንድ ሐሳብ ተሰውሮ ነበር። የሚመጣውን ለማወቅ ሁለት ነገር ያስፈልጋል፤ አንደኛው ነገሩ የሚሄድበት ሕግ ነው፥ ሁለተኛው የተነሣበት ሁኔታ ነው። ሕጉ በወረቀት ላይ ፍጹም ሆኖ ሊጻፍ ይችላል፤ መነሻው ግን በመለኪያ የሚገኝ ስለ ሆነ የቱንም ያህል ቢጠነቀቁለት ጥቂት ስሕተት አይለየውም። ሊቃውንቱ ይህን አልዘነጉትም፤ ነገር ግን ትንሽ ስሕተት ይዞ የተነሣ ስሌት ትንሽ ስሕተት ይዞ ይደርሳል ብለው አመኑ። ስለ ጅራታሙ ኮከብና ስለ ኔፕቱን እምነታቸው እውነት ሆኖ ተገኘ፤ ስለ ሁሉም ነገር ግን እውነት አልነበረም።

ይህን እምነት የነቀነቀው ሥራ የተጀመረው በንጉሥ ልደት በዓል ምክንያት ነው። የስዊድንና የኖርዌይ ንጉሥ የነበሩት ዳግማዊ ኦስካር በጃንዋሪ 21 ቀን 1889 ስድሳ ዓመት ሲሞላቸው፥ ለዚሁ መታሰቢያ እንዲሆን ጎስታ ሚታግ-ሌፍለር የተባለው የስቶክሆልም የሒሳብ ሊቅ አስቀድሞ ውድድር አዘጋጅቶ ነበረ። ከቀረቡት ጥያቄዎች አንዱ እርስ በርሳቸው የሚሳሳቡ የሰማይ አካላት በረዥም ዘመን ውስጥ እንዴት እንደሚንቀሳቀሱ የሚጠይቅ ነበር። አካላቱ ሁለት ብቻ ሲሆኑ ነገሩ ከኒውተን ጀምሮ የተፈታ ነው፤ ሦስተኛው ሲጨመር ግን ከመቶ ዓመት በላይ ታላላቆቹን ሊቃውንት ሲያስቸግር ኖሮአል። ሽልማቱን ያሸነፈው ያን ጊዜ የ34 ዓመት ሰው የነበረው ፈረንሳዊው አንሪ ፖንካሬ ሲሆን፥ ለሥራው 2,500 ክሮነር ተሰጠው።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር በየትምህርት ቤቱ ሊነገር የሚገባው ነው። የፖንካሬ ጽሑፍ «አክታ ማቴማቲካ» በተባለው መጽሔት ለመታተም ሲሰናዳ፥ ላርስ ኤድቫርድ ፍራግሜን የተባለ ወጣት አራሚ ግልጽ ያልሆኑለትን ስፍራዎች እየጠቀሰ ጠየቀ። ፖንካሬም ለመመለስ ሲል ሥራውን እንደ ገና ቢመረምር፥ ከተጠየቀው ሌላ ከባድ ስሕተት አገኘ። ሽልማቱ ተሰጥቶአል፤ ስሙ ተነግሮአል፤ ጥቂት ቅጂዎችም ታትመው ወጥተዋል። እርሱ ግን ስሕተቱን አልሸሸገም። የወጡት ቅጂዎች ተመልሰው ተሰበሰቡ፤ ለታተመውም ሥራ 3,585 ክሮነር፥ ይኸውም ከሽልማቱ የሚበልጥ ገንዘብ፥ ፖንካሬ ራሱ ከፈለ። በ1890 ታርሞ የወጣው ጽሑፍ ከመጀመሪያው እጅግ የከበረ ሆኖ ተገኘ፤ ምክንያቱም ስሕተቱን ሲያርም ከዚያ በፊት ማንም ያላየውን ነገር አየ። ሦስቱ አካላት የሚሄዱባቸው መንገዶች ሥርዐት ባለው ክብ አይወሰኑም፤ እየተመላለሱ እየተጠላለፉ ከማንኛውም የሸማኔ ድር ይልቅ የተወሳሰበ መረብ ይሠራሉ። ፖንካሬ በ1899 ባወጣው መጽሐፍ ሥዕሉን ለመሣል እንኳ እንደማይሞክር ጻፈ። በ1908 ባሳተመው ሌላ መጽሐፍም ሐሳቡን ለሁሉ በሚገባ ቋንቋ ገለጸው፤ በመነሻው ላይ የማይታይ ልዩነት በፍጻሜው ላይ እጅግ ታላቅ ልዩነት ሊወልድ ይችላል፤ ያን ጊዜ አስቀድሞ መናገር የማይቻል ይሆናል፤ ሰዎችም ዕድል ነው ይሉታል።

ዘሩ እንዲህ ቢዘራም ቡቃያው ብዙ ዘመን ቈየ። መንገዶቹን አንድ በአንድ አስልቶ ለማየት የሰው እጅ አይበቃም ነበር። ሆኖም አንዳንድ ሊቃውንት ከዚሁ ነገር ጋር ተገናኝተዋል። በ1938 የብሪታንያ መንግሥት የምርምር መሥሪያ ቤት በራዲዮ መሣሪያዎች ውስጥ የሚታዩትን አስቸጋሪ እኩልዮሾች የሚፈታ የሒሳብ ሊቅ በፈለገ ጊዜ፥ ሜሪ ካርትራይት ከጆን ሊትልዉድ ጋር ሆና ሥራውን ተቀበለች። ካርትራይት ለከፍተኛ ምርምር ወደ ኦክስፎርድ ከመመለሷ በፊት ለጥቂት ዓመታት የትምህርት ቤት መምህርት የነበረች ናት። ሁለቱ በ1945 ባሳተሙት ጽሑፍ እኩልዮሹ ቀላል ሆኖ ሳለ መፍትሔው ሥርዐት ያጣ የሚመስልበት ጊዜ እንዳለ አሳዩ፤ በጊዜው ግን ልብ ያለው ሰው ጥቂት ነበር።

ነገሩን ለዓለም የገለጠው የሰማይን ጠባይ ይመረምር የነበረ ሰው ነው። ኤድዋርድ ሎሬንዝ በ1917 በአሜሪካ በኮኔቲከት ክፍለ ሀገር የተወለደ፥ መጀመሪያ ሒሳብ የተማረ፥ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለአየር ኀይል የአየር ጠባይ ተንባይ ሆኖ ያገለገለ፥ በኋላም በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ያስተማረ ሰው ነበር። የጽሕፈት ጠረጴዛ በሚያህል በአንድ የጥንት ኮምፒዩተር ላይ አሥራ ሁለት እኩልዮሾችን አስገብቶ፥ በወረቀት ላይ ብቻ የሚኖር ነፋስና ሙቀት እያሰላ ይመለከት ነበር። የመሣሪያውን ትእዛዝ በመጻፍ መጀመሪያ ማርጋሬት ሃሚልተን በኋላም ኤለን ፌተር ረዱት። ሃሚልተን ከዚያ በኋላ ሰዎችን ወደ ጨረቃ ያደረሰችውን የአፖሎ መንኰራኵር የኮምፒዩተር ትእዛዝ ያዘጋጀውን ክፍል የመራች ናት።

በ1961 ሎሬንዝ ከዚህ ቀደም ያሰላውን አንድ ክፍል ደግሞ ለማየት ፈለገ። ከመጀመሪያው ላለመጀመር ሲል ከመካከሉ የታተመውን ቍጥር ወስዶ ለመሣሪያው እንደ መነሻ ሰጠው፤ ቡና ሊጠጣም ወጣ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሲመለስ መሣሪያው የሁለት ወር ያህል የአየር ጠባይ አስልቶ ቈየው፤ ነገር ግን ዐዲሱ ውጤት ከፊተኛው ጋር ምንም አይመሳሰልም ነበር። ሎሬንዝ መጀመሪያ የመሣሪያው አምፑል የተበላሸ መሰለው። ወረቀቶቹን ጐን ለጐን አድርጎ ሲመረምር ግን ሁለቱ በመጀመሪያ አንድ ሆነው ተነሥተው ቀስ በቀስ መለያየታቸውን፥ ልዩነቱም በስሌቱ አቈጣጠር በየአራት ቀኑ ገደማ እጥፍ እየሆነ ማደጉን አየ። ምክንያቱ የሚያስደንቅ ነው። መሣሪያው በውስጡ ከነጥብ በኋላ ስድስት አኃዝ ይዞ 0.506127 ሲል፥ በወረቀት ላይ ያተመው ግን ሦስት አኃዝ ብቻ፥ ማለትም 0.506 ነበር። ሎሬንዝ ያስገባው ይህን የተጠጋጋውን ቍጥር ነው። ከአራት ሺህ አንድ እጅ የማይበልጠው ልዩነት በሁለት ወር ውስጥ ፀሐይን ዝናብ፥ ዝናብንም ፀሐይ አደረገው። በዚያው ዓመት በኖቬምበር ወር በጃፓን በኪዮቶ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ዮሺሱኬ ኡዌዳ በሌላ ዐይነት የማስሊያ መሣሪያ ላይ ተመሳሳይ ነገር ማየቱን ሁለቱ እርስ በርሳቸው አያውቁም ነበር።

ሎሬንዝ ከዚህ በኋላ ሦስት እኩልዮሾች ብቻ ያሉትን ሌላ ስሌት መርምሮ ውጤቱን በ1963 አሳተመ። የእነዚህ የሦስቱ መፍትሔ በሥዕል ሲነደፍ ሁለት ክንፍ ያለው ቅርጽ ይወጣል፤ መስመሩ አንድ ጊዜ በግራው ክንፍ አንድ ጊዜ በቀኙ እየዞረ የኋላ እግሩን ፈጽሞ ሳይደግም ይኖራል። መቼ ከአንዱ ወደ ሌላው እንደሚሻገር በሩቁ መናገር አይቻልም፤ ከሁለቱ ክንፎች ውጭ እንደማይወጣ ግን የተረጋገጠ ነው። ይህን ሁለተኛውን ነገር አንባቢ አጥብቆ ሊይዘው ይገባል፤ በኋላ ይፈለጋልና።

አሁን ነገሩ በቃል ብቻ እንዳይቀር ማንኛውም መምህር በጠመኔና በሰሌዳ ሊያሳየው የሚችል ምሳሌ ይከተላል። ደንቡ እንዲህ ነው፤ ከዜሮ የሚበልጥ ከአንድም የሚያንስ ቍጥር ይወሰዳል፤ ያው ቍጥር ከ1 ላይ ይቀነሳል፤ ቍጥሩና ቀሪው ይባዛሉ፤ የተገኘውም በ4 ይባዛል። የወጣው ውጤት እንደ ገና መነሻ ይሆንና ሥራው ይደገማል። ክፍሉ ለሁለት ተከፍሎ አንደኛው ወገን ከ0.400፥ ሁለተኛው ከ0.401 ይነሣ። በአንደኛው እርምጃ የፊተኛው 0.960 ያገኛል፥ የኋለኛው 0.961 ያህል፤ ልዩነታቸው የሚታይ አይደለም። በሦስተኛው 0.520ና 0.512 ይሆናሉ። በስምንተኛው 0.358ና 0.137፥ በዘጠነኛው 0.919ና 0.474 ይሆናሉ። በዐሥረኛው እርምጃ የፊተኛው ወገን 0.298 ሲያገኝ የኋለኛው 0.997 ያገኛል። ማንም አልተሳሳተም፤ ማንም ዕጣ አልጣለም፤ ደንቡም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አልተለወጠም። ነገር ግን ከዐሥር እርምጃ በኋላ የአንደኛውን ወገን ውጤት ማወቅ ስለ ሁለተኛው ምንም አያስረዳም።

ከዚያ በኋላ መምህሩ በ4 ማባዛቱን ትቶ በ2 ያባዛ። ከ0.400 የተነሣውም ከ0.401 የተነሣውም ከጥቂት እርምጃ በኋላ ሁለቱም 0.5 ላይ ደርሰው ይቀመጣሉ። እዚህ ትንሹ ስሕተት ይሞታል፤ እዚያ ትንሹ ስሕተት ይወልዳል። በ3.2 ሲባዛ ደግሞ ቍጥሩ በ0.513ና በ0.799 መካከል ሲመላለስ ይኖራል። ስለዚህ አንድ ደንብ በአንዲት ማባዣ ለውጥ ብቻ ዕረፍትንም፥ መመላለስንም፥ ትርምስንም ይሰጣል።

ልዩነቱ በአማካይ በየእርምጃው እጥፍ እንደሚሆን ከታወቀ አንድ ከባድ ቁም ነገር ይከተላል። ስሕተቱ በየቀኑ እኩል እየተደመረ የሚያድግ ቢሆን ኖሮ፥ መለኪያውን ዐሥር ጊዜ ያሻሻለ ሰው ዐሥር ጊዜ ርቆ ለማየት በቻለ ነበር። እጥፍ እየሆነ በሚያድግበት ነገር ግን ዐሥር ጊዜ የተሻለ መለኪያ የሚያስገኘው ሦስት እርምጃ ከጥቂት ብቻ ነው፤ ሁለት ሦስት ጊዜ በራሱ ሲባዛ ስምንት፥ አራት ጊዜ ሲባዛ ዐሥራ ስድስት ነውና። ሺህ ጊዜ የተሻለ መለኪያ ዐሥር ያህል እርምጃ ይጨምራል። ከላይ በተሰጠው ምሳሌ የሺህ አንድ እጅ ልዩነት በዐሥር እርምጃ ውስጥ ሁሉን ነገር የገለበጠው በዚሁ ሒሳብ ነው። እንግዲህ ድካሙ በብዙ እጥፍ ይበዛል፤ ትርፉ ግን በጥቂት ይደመራል። መለኪያ ሠሪው ሰነፍ ስለ ሆነ አይደለም፤ የነገሩ ባሕርይ ነው።

ይህ ባሕርይ ከምን እንደሚመጣ ለማስረዳት ሊጥ የምታሽን ሴት መመልከት ይበቃል። ሊጡን ትስበዋለች፥ ደግሞ ታጥፈዋለች። ጐን ለጐን የወደቁ ሁለት የጥቍር አዝሙድ ፍሬዎች በመሳቡ ይራራቃሉ፤ በመታጠፉ ደግሞ ሊጡ ከገበታው ሳይወጣ ይኖራል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሁለቱ ፍሬዎች የት እንደ ደረሱ ማንም አያውቅም። መሳብ ብቻ ቢሆን ነገሩ ሁሉ ወደ ውጭ ይበተን ነበር፤ ማጠፍ ብቻ ቢሆን ጐረቤታሞች ጐረቤታሞች እንደ ሆኑ ይቀሩ ነበር። ትርምስ የሚወለደው ከሁለቱ ጋብቻ ነው። አሜሪካዊው ስቲቨን ስሜል በ1960 በብራዚል በሪዮ ዴ ጃኔሮ ሳለ ያገኘው የፈረስ ጫማ የሚመስል ንድፍ ይህንኑ መሳብና ማጠፍ በሒሳብ ቋንቋ የሚገልጽ ነው።

የሎሬንዝ ጽሑፍ የወጣው የአየር ጠባይ ሊቃውንት በሚያነቡት መጽሔት ስለ ነበር፥ ሌሎቹ ለብዙ ዓመት አላዩትም። ከ1970 በኋላ ግን ምንጮቹ ሁሉ ወደ አንድ ወንዝ ገቡ። በ1975 ቲዬን-ዪን ሊና ጄምስ ዮርክ ባሳተሙት ጽሑፍ «ኬዎስ» የሚለው ቃል ለዚህ ነገር መጠሪያ ሆነ። በ1976 ሮበርት ሜይ፥ አውስትራሊያዊው ሊቅ፥ ከላይ በሰሌዳው ላይ የተሰላው ደንብ የእንስሳትን ቍጥር ከዓመት ዓመት ለመከተል እንደሚያገለግል፥ ቍጥራቸው ሲዋዥቅም ሁልጊዜ የውጭ ምክንያት መፈለግ እንደማያስፈልግ አሳየ። ሜይ በዚያው ጽሑፍ መጨረሻ ላይ እንዲህ ያለውን ቀላል እኩልዮሽ ተማሪዎች ገና በመጀመሪያው የሒሳብ ትምህርታቸው እንዲያዩት አጥብቆ መከረ፤ በትምህርት ቤት የሚሰጡት ጥያቄዎች ሁሉ ጥሩ መልስ ያላቸው ብቻ ከሆኑ፥ ተማሪው ዓለም ሁሉ እንደዚያ ይመስለዋልና። ሚቸል ፋይገንባውም በሎስ አላሞስ በ1975 በአንዲት የኪስ ካልኩሌተር እየደጋገመ ሲያሰላ፥ ነገሮች ከሥርዐት ወደ ትርምስ በመመላለሻቸው እጥፍ እየሆነ ሲጓዙ የሚከተሉት አንድ የጋራ ቍጥር፥ 4.669 ያህል የሆነ፥ እንዳለ አገኘ። ጥቂት ቈይቶ አልበርት ሊብሻበር በፓሪስ ፈሳሽ ሂልየምን ከሥሩ እያሞቀ ይኸው የእጥፍታ ጉዞ በእውነተኛ ፈሳሽ ውስጥ መኖሩን አየ፤ ሁለቱም በ1986 የቮልፍን ሽልማት ተቀበሉ። ሥርዐት ከማጣት ውስጥ እንኳ ሥርዐት ተገኘ ማለት ነው።

ስሙ ከሕዝብ ጆሮ ከገባ በኋላ ግን ስሕተትም አብሮት ተሰራጨ። ሎሬንዝ በዲሴምበር 29 ቀን 1972 በዋሽንግተን ንግግር ሲያደርግ፥ የጉባኤው አዘጋጅ በብራዚል ያለች ቢራቢሮ ክንፏን ብታርገበግብ በቴክሳስ ዐውሎ ነፋስ ታስነሣለችን የሚል ርእስ ሰጠው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰዎች ቢራቢሮዋ ዐውሎ ነፋስን የምትሠራ መሰላቸው። የሎሬንዝ ሐሳብ ይህ አልነበረም። አንዲት ቢራቢሮ ዐውሎውን ካመጣች ሌላይቱ ልትከለክለው ትችላለች፤ የዐውሎው ጕልበት ከፀሐይና ከባሕር ሙቀት እንጂ ከቢራቢሮ ክንፍ አይመጣም። የተባለው ነገር የክንፉን ያህል ያልታወቀ ነገር ቢኖር ከጊዜ በኋላ ዐውሎው መቼና የት እንደሚነሣ ማወቅ አይቻልም ነው። አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ሲሉ ትንሽ እሳት ታላቅ ጥፋት እንደምታመጣ ያውቃሉ፤ ሆኖም ጫካው ደርቆ ባይቈይ ኖሮ ፍም ብቻዋን ምን ባደረገች ነበር?

ሁለተኛው ስሕተት ትርምስን ሕግ ከማጣት ጋር አንድ ማድረግ ነው። ከላይ በሰሌዳው ላይ የታየው ደንብ ከማንም ሕግ ይልቅ ጥብቅ ነው፤ አንድ መነሻ ሁልጊዜ አንድ ፍጻሜ ብቻ አለው። ሦስተኛው ስሕተት ደግሞ ሁሉ ነገር ትርምስ ነው ማለት ነው። የሰዓት ተወዛዋዥ፥ የባሕር ማዕበል ከፍታና ዝቅታ፥ የፀሐይ ግርዶሽ ለሰው ዕድሜ በሚበቃ ዘመን ሁሉ አስቀድመው በትክክል ይታወቃሉ። ጥያቄው ነገሩ ትርምስ ነው ወይስ አይደለም የሚል ብቻ አይደለም፤ ዕውቀቱ ስንት ጊዜ ይቈያል የሚልም ነው። ፈረንሳዊው ዣክ ላስካር በ1989 እንዳሳየው ፕላኔቶች ራሳቸው ከዚህ ነገር አያመልጡም፤ ዛሬ በምድር ስፍራ ላይ የዐሥራ አምስት ሜትር ስሕተት ቢኖር ከመቶ ሚሊዮን ዓመት በኋላ ምድር በምሕዋሯ ላይ የት እንደምትሆን ለመናገር አይቻልም። በ2009 ላስካርና ሚካኤል ጋስቲኖ የሜርኩሪን መነሻ ሚሊሜትር በማይሞላ ልዩነት እየለዋወጡ ለአምስት ቢሊዮን ዓመት ያህል 2,501 ጊዜ አሰሉት፤ ከመቶው አንድ ያህሉ ብቻ የሜርኩሪ ምሕዋር እጅግ ተለጥጦ ከሌላ ፕላኔት ወይም ከፀሐይ ጋር ልትጋጭ የምትችልበትን መንገድ አሳየ። ለፕላኔት ወሰኑ በሚሊዮን ዓመት ይቈጠራል፤ ለአየር ጠባይ ግን በሁለት ሳምንት ገደማ ያበቃል።

ይህን ወሰን ማወቅ ሥራን አላስፈታም፤ የሥራውን መንገድ አቀና እንጂ። ከዲሴምበር 1992 ጀምሮ በአውሮፓና በአሜሪካ ያሉት ታላላቅ የአየር ትንበያ ማዕከሎች አንድ ስሌት ብቻ መሥራትን ትተው፥ መነሻውን ጥቂት ጥቂት እየለወጡ ብዙ ስሌት ጐን ለጐን ይሠሩ ጀመር፤ የአውሮፓው ማዕከል በኋላ ቍጥሩን ሃምሳ አደረሰው። ሃምሳው ሁሉ አንድ ነገር ከተናገሩ ተንባዩ በድፍረት ይናገራል፤ ከተለያዩም ምን ያህሉ ዝናብ እንዳሉ ቈጥሮ ያንኑ ይናገራል። «ነገ ይዘንባል» በሚለው ፈንታ «ከዐሥር ሰባት እጅ ይዘንባል» የሚለው ቃል የፈሪ ቃል ሳይሆን የሐቀኛ ቃል ሆነ።

ይህ ነገር ለምሥራቅ አፍሪካ የሩቅ ወሬ አይደለም። ከ1998 ጀምሮ የታላቁ የአፍሪካ ቀንድ አገሮች የአየር ጠባይ ባለ ሙያዎች ከየወቅቱ ዝናብ በፊት እየተሰበሰቡ የሚመጣው ወቅት ከመደበኛው በላይ፥ መደበኛ፥ ወይም ከመደበኛው በታች የመሆን ዕድሉ ስንት እንደ ሆነ ያስታውቃሉ። እዚህ ላይ አንድ ብልኅ ተማሪ ሊጠይቅ ይችላል፤ የሁለት ሳምንት ዝናብ የማይታወቅ ከሆነ የሦስት ወር ክረምት እንዴት ሊታወቅ ይችላል? መልሱ ከላይ አጥብቆ ይያዝ በተባለው ነገር ውስጥ ነው። የሎሬንዝ መስመር ዛሬ በየትኛው ክንፍ እንዳለ አይታወቅም፤ የክንፎቹ ቅርጽ ግን ይታወቃል። ዝናቡ በየትኛው ቀን እንደሚጥል የሚወስነው ፈጣኑ አየር ነው፤ ክረምቱ በጠቅላላው ወደ ልምላሜ ወይም ወደ ድርቅ እንዲያዘነብል የሚያደርገው ግን በዝግታ የሚለወጠው የባሕር ሙቀት ነው። ኤል ኒኞ የሚባለው የፓስፊክ ውቅያኖስ መሞቅ ሲመጣ በኢትዮጵያ ሰሜናዊና መካከለኛ ደጋ የክረምት ዝናብ ብዙ ጊዜ ይቀንሳል፤ የ2015 ድርቅ ለዚህ ምስክር ነው። በኬንያና በሶማሊያ ደግሞ ከኦክቶበር እስከ ዲሴምበር ያለው ዝናብ በዚያው ምክንያት ብዙ ጊዜ ይበዛል። ቀኑ ሳይታወቅ ወቅቱ በመጠኑ የሚታወቀው እንዲህ ነው።

እንግዲህ የመምህሩ ኀላፊነት እዚህ ላይ ይጀምራል። ትንበያው በራዲዮ ሲነገር፥ አርሶ አደሩ ዘሩን ይዝራ ወይስ ይቈይ ብሎ የሚጠይቀው ከትምህርት ቤት የተመለሰውን ልጁን ነው። ልጁ ሳይንስ ሁሉን አስቀድሞ ያውቃል ተብሎ የተማረ ከሆነ «ዝናቡ ይጠፋል» ብሎ ይናገራል፤ ዝናቡ የመጣ እንደ ሆነ አባት የሚያፍረው በልጁ ብቻ አይደለም፥ በትምህርቱ ሁሉ ላይ ነው፤ በሚመጣው ዓመት እውነተኛው ማስጠንቀቂያ ሲነገርም አይሰማም። ልጁ በተቃራኒው ምንም ነገር አስቀድሞ አይታወቅም ተብሎ የተማረ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ አይጠይቅም። ከሁለቱ ጥፋት የሚያድነው «ይህን ያህሉ ይታወቃል፤ ይህን ያህሉ አይታወቅም፤ የማይታወቅበትም ምክንያት ይህ ነው» ብሎ ለአባቱ የሚያስረዳ ተማሪ ነው። እንዲህ ያለው ተማሪ የሚገኘው መምህሩ የዕውቀትን ወሰን ራሱን እንደ ዕውቀት አድርጎ ሲያስተምር ብቻ ነው።

ለዚህ ታላቅ መሣሪያ አያስፈልግም። ፋይገንባውም በኪስ ካልኩሌተር ሠራ፤ ከላይ የተነገረውም ምሳሌ በጠመኔ ይሠራል። የሚያስፈልገው ሁለት ልማድን ማረም ነው። አንደኛው፥ መልሳቸው ከመጽሐፉ ጀርባ የተጻፈ ጥያቄዎችን ብቻ መስጠት ነው። ሁለተኛው፥ ስሕተትን እንደ ነውር ብቻ መቍጠር ነው። ፍራግሜን የታላቁን ሊቅ ጽሑፍ አልገባኝም ብሎ ባይጠይቅ፥ ፖንካሬም ጥያቄውን ንቆ ቢያልፍ፥ ሎሬንዝም የመሣሪያ ብልሽት ነው ብሎ ወረቀቱን ቢጥል፥ ይህ ዕውቀት ከብዙ ዘመን በኋላ ይገኝ ነበር።

በሚመጣው ሳምንት በአንድ ክፍል ውስጥ አንዲት ተማሪ እጇን አንሥታ «ከሦስተኛው አኃዝ በኋላ ያለውን ለምን እንጥለዋለን?» ብላ ትጠይቅ ይሆናል። መምህሩ ደንቡ ነው ብሎ ሊያስቀምጣት ይችላል። ወይም ጠመኔውን ይሰጣትና ከ0.400ና ከ0.401 ተነሥታ ዐሥር ጊዜ እንድታሰላ ያደርጋል፤ የተቀሩት ልጆችም ሰሌዳውን እያዩ፥ የቱ ቅንጣት ሊጣል የቱም ሊጠበቅ እንደሚገባ በገዛ ዐይናቸው ይማራሉ።